የኮምፓይለርን ነባሪ የባይትኮድ ቨርዥን መቆጣጠር፦ ከጃቫ እስከ ኮትሊን ዝርዝር መመሪያ

ኮዱ ሲጻፍበት በነበረው ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ገና ከመነሳቱ ይወድቃል። ሎጉ ሲታይ «አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር» የሚል መስመር አለ፤ አጠገቡ 61.0 እና 55.0 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተቀምጠዋል። ኮዱ ላይ ምንም ስህተት የለም። ኮምፓይለሩ ማንም ስላልነገረው ብቻ አንድ ቁጥር ለራሱ መርጦ ፋይሉ ላይ አትሟል፤ የሰርቨሩ ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ደግሞ ያንን ቁጥር አያውቀውም።

ይህ ቁጥር የባይትኮድ ቨርዥን ይባላል፤ ባይትኮድ ኮምፓይለሩ ከምንጭ ኮዱ የሚያወጣው፣ ጄቪኤም የሚያነበው መመሪያ ነው። እዚህ የምንሄደው ቁጥሩን ከማየት ተነስተን፣ መምረጥና ማስፈር ላይ ደርሰን፣ ከዚያም ማንም ሳያውቅ እንዳይቀየር እስከ መጠበቅ ነው። የትእዛዞችንና የማስተካከያዎችን ስም እንደ አነባበባቸው እጽፋለሁ፤ ስትተይቡ በተለመደው የላቲን ፊደላቸው ነው።

ቁጥሩ የት ነው ያለው?

እያንዳንዱ የጃቫ ክላስ ፋይል በ4 ባይት መለያ ይጀምራል፤ በሄክሳዴሲማል ሲታይ «ካፌ ቤብ» ተብሎ የሚነበበው ነው። ከሱ ቀጥሎ 2 ባይት ለንዑስ ቨርዥን፣ ከዚያ 2 ባይት ለዋና ቨርዥን ይመጣል። የምንፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነው። ጃቫ 8 ቁጥሩ 52 ነው፣ ጃቫ 11 55፣ ጃቫ 17 61፣ ጃቫ 21 65፣ ጃቫ 25 69። ሠንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም፤ ከክላስ ፋይሉ ቁጥር ላይ 44 ቀንሱ፣ የጃቫው ቨርዥን ይወጣል። ከላይ ያየነው ስህተት እንግዲህ ሲተረጎም «ፋይሉ ለጃቫ 17 የተዘጋጀ ነው፤ እኔ ግን ጃቫ 11 ነኝ» ማለት ነው።

ጄቪኤም ከራሱ በፊት የወጡትን ቁጥሮች ያነባል፣ ከራሱ በኋላ የወጡትን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ከፍ ያለው ጥቂት ቦታ።

ቁጥሩ ማኅተም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከሥሩ ያለው ኮድም አብሮ ይቀየራል። ለጃቫ 8 ሲዘጋጅ የስትሪንግ መደመር በ«ስትሪንግ ቢልደር» ይሠራል፤ ከጃቫ 9 ጀምሮ ግን ጃቫሲ (የጃቫ ኮምፓይለር) «ኢንቮክ ዳይናሚክ» የሚባለውን መመሪያ ይጠቀማል። ከ55 ጀምሮ ደግሞ የውስጥ ክላሶች አንዱ የሌላውን ፕራይቬት ሜተድ በቀጥታ መጥራት ስለቻሉ፣ ኮምፓይለሩ ለድልድይነት ይፈጥራቸው የነበሩት ስውር ሜተዶች ቀርተዋል። ስለዚህ ስምንት ባይት ብቻ በሆነው ራስጌ ላይ ቁጥሩን በኤዲተር ቀይሮ «አስተካከልኩት» ማለት አይሆንም። በመድረኮች ላይ ይህ ዘዴ አልፎ አልፎ ሲመከር ይታያል፤ አትሞክሩት።

ደረጃ 1፦ አሁን ያለውን እዩ

ማስተካከያ ከመንካታችሁ በፊት የወጣውን ፋይል መርምሩ። ከጄዲኬ (ኮምፓይለሩንና ሌሎች መሣሪያዎችን ከያዘው የጃቫ ጥቅል) ጋር የሚመጣው «ጃቫፒ» ከ«-ቪ» ጋር ሲጠራ የክላሱን ሆድ ዕቃ ሁሉ ይዘረግፋል፤ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች መካከል «ሜጀር ቨርዥን» የሚለውን ፈልጉ። ውጤቱን በ«ግሬፕ» ካጣራችሁት አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። ክላሱ ጃር (ብዙ ክላሶችን ያሸገ ፋይል) ውስጥ ከሆነ መፍታት አያስፈልግም፤ ጃሩን በክላስፓዝ ሰጥታችሁ የክላሱን ሙሉ ስም ጻፉ።

ጄዲኬ የሌለበት ማሽን ላይ ከሆናችሁ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ያለው «ፋይል» የሚባለው ትእዛዝ ቁጥሩን ይናገራል። እሱም ከሌለ ፋይሉን በሄክስ መመልከቻ ከፍታችሁ 7ኛውንና 8ኛውን ባይት እዩ፦ 34 ካለ 52 ነው፣ 37 ካለ 55፣ 41 ካለ 65።

አንድ ጃር ውስጥ ያሉ ክላሶች ሁሉ አንድ ቁጥር ላይኖራቸው ይችላል። «ሞጁል ኢንፎ» የሚባለው ክላስ ሞጁሎች ከጃቫ 9 ጋር የመጡ ስለሆኑ ሁልጊዜ 53 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ 52 ሆኖ እሱ ብቻ 53 ቢሆን ስህተት አይደለም። «ሜታ-ኢንፍ» ውስጥ «ቨርዥንስ» የሚል ፎልደር ካያችሁም አትደንግጡ፤ ለተለያዩ የጃቫ ቨርዥኖች የተለያዩ ክላሶችን የያዘ ጃር ነው፣ ጃቫ 8 ያንን ፎልደር ዞር ብሎም አያየውም።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ መልሱ። ኮምፓይል የሚያደርገው ጄዲኬ ስንት ነው? የቢልድ መሣሪያው (ኮዱን ኮምፓይል አድርጎ የሚያሽገው፣ እንደ ሜቨን ወይም ግሬድል ያለው) ራሱ በየትኛው ጃቫ ላይ ነው የሚሮጠው? የመጨረሻው ማሽን ላይ ያለው ጄቪኤም ስንት ነው? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሜቨንም ሆነ ግሬድል በ«-ቨርዥን» ሲጠየቁ የሚሮጡበትን ጃቫ ያሳያሉ፤ ይህም ተርሚናሉ ላይ «ጃቫ -ቨርዥን» ከሚለው የተለየ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ «ጃቫ ሆም» የሚባለው ተለዋዋጭ ወደ ሌላ ጄዲኬ ማመልከቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ምረጡ

የምትሠሩት ራሱን የቻለ አፕሊኬሽን ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው፤ ጣሪያው የሚሮጥበት ጄቪኤም ነው። ወለሉን የሚወስኑት ደግሞ የምትጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ናቸው። ስፕሪንግ ቡት 3 ለምሳሌ ቢያንስ ጃቫ 17 ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ላይ ጃቫ 11 ካለ በኮምፓይለር ማስተካከያ የሚፈታ ነገር የለም፣ ወይ ሰርቨሩ ያድጋል ወይ ላይብረሪው ይቀየራል።

ላይብረሪ ለሌሎች የምታወጡ ከሆነ ግን ጥያቄው የእናንተ ማሽን አይደለም። ልትደግፉት ቃል የገባችሁለት ዝቅተኛው ጃቫ ነው ቁጥራችሁ። ከዚያ ከፍ ማድረግ ለተጠቃሚዎቻችሁ ትልቅ ለውጥ ስለሆነ በትንሽ የጥገና እትም ውስጥ ሾልኮ መግባት የለበትም።

በጣም ዝቅ ማለትም የራሱ ገደብ አለው። አዳዲስ ጄዲኬዎች የድሮ ቁጥሮችን ማዘጋጀት ቀስ በቀስ ያቆማሉ፦ ጄዲኬ 12 ጃቫ 6ን፣ ጄዲኬ 20 ጃቫ 7ን ጥለዋል፤ ከጄዲኬ 21 ጀምሮ ለ8 ስታዘጋጁ «ጊዜው ያለፈበት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። የእናንተ ጄዲኬ የትኞቹን እንደሚያውቅ ለማየት «ጃቫሲ --ሄልፕ» ብላችሁ «ሪሊስ» የሚለው ሥር ያለውን ዝርዝር ተመልከቱ።

ደረጃ 3፦ ለጃቫሲ በትክክል ንገሩት

ምንም ካልተነገረው ጃቫሲ የራሱን ቁጥር ነው የሚያትመው። ጄዲኬ 21 ከሆነ 65፣ ጄዲኬ 17 ከሆነ 61። ስለዚህ «ነባሪ» የምንለው ነገር እውነተኛ ስሙ «ዛሬ በአጋጣሚ የተጫነው ጄዲኬ» ነው። አንድ ሰው የቢልድ ማሽኑን ጄዲኬ ባሳደገ ቀን ነባሪውም አብሮ ይቀየራል፤ አንድ የኮድ መስመር ሳይነካ።

ቁጥሩን የሚወስኑ ሁለት መንገዶች አሉ፣ ልዩነታቸውም የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋና ቦታ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የድሮው መንገድ «-ሶርስ» እና «-ታርጌት» ነው። የመጀመሪያው የቋንቋውን ደረጃ ይወስናል፦ በ8 ላይ «ቫር» ወይም ሪከርድ መጻፍ አይቻልም። ሁለተኛው የሚታተመውን ቁጥር ይወስናል። ሁለቱም ግን ስለ አንድ ነገር ዝም ይላሉ፤ እሱም የጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ነው። በጄዲኬ 17 ላይ ሆናችሁ ሁለቱንም 8 ብትሉ፣ ኮምፓይለሩ ኮዳችሁን የሚያመሳክረው ከጄዲኬ 17 ክላሶች ጋር ነው። ከጃቫ 11 ጋር የመጣውን የስትሪንግ «ኢዝ ብላንክ» ሜተድ ብትጠሩ ዝም ብሎ ያልፋል። ፋይሉ 52 የሚል ማኅተም ይዞ ይወጣል፣ ጃቫ 8ም በደስታ ይቀበለዋል፤ ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ «ኖ ሳች ሜተድ ኤረር» ብሎ ይወድቃል። ይህ ከመጀመሪያው ስህተት ይብሳል። ያኛው ገና ሲነሳ ነው የሚጮኸው፤ ይኼኛው መስመሩ እስኪደረስበት ድረስ ተደብቆ ይቆያል።

ደግሞ አዲስ ሜተድ ባትጠሩም ልትወድቁ ትችላላችሁ። የታወቀው ምሳሌ «ባይት በፈር» ነው። እስከ ጃቫ 8 «ፍሊፕ» የሚለው ሜተድ በወላጁ ክላስ በ«በፈር» ላይ ብቻ ነበር፣ የሚመልሰውም «በፈር» ነበር። በጃቫ 9 «ባይት በፈር» የራሱን «ፍሊፕ» አገኘ፣ የሚመልሰውም «ባይት በፈር» ሆነ። ምንጭ ኮዱ አንዲት ፊደል አልተቀየረም። ነገር ግን ባይትኮድ ውስጥ የሜተድ ጥሪ የሚመዘገበው ከመላሽ ዓይነቱ ጋር ስለሆነ፣ በአዲስ ጄዲኬ ላይ በ«-ታርጌት 8» የተዘጋጀው ፋይል ጃቫ 8 ውስጥ የሌለ ሜተድ ይፈልጋል። ኮዱን ደጋግሞ ቢያነቡት መልሱ አይገኝም፤ የሚታየው በ«ጃቫፒ» ብቻ ነው።

ጃቫሲ በዚህ አጠቃቀም «ቡትስትራፕ ክላስ ፓዝ አልተሰጠም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ፕሮጀክት ውስጥ ይህ መስመር ለዓመታት ሲያልፍ ማንም አያነበውም፤ ሊናገር የፈለገው ግን ልክ ይህንኑ ነበር።

አዲሱ መንገድ ከጄዲኬ 9 ጀምሮ ያለው «--ሪሊስ» ነው። «--ሪሊስ 8» ማለት የቋንቋው ደረጃም፣ የሚታተመው ቁጥርም፣ የመደበኛው ላይብረሪ ይዘትም የ8 ይሁን ማለት ነው። ጄዲኬው የድሮ ቨርዥኖችን የላይብረሪ ዝርዝር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ የድሮ ጄዲኬ መጫን አያስፈልግም። «ኢዝ ብላንክ» ያኔ ኮምፓይል ሲደረግ ይያዛል፤ «ፍሊፕ»ም በትክክለኛው መልኩ ይመዘገባል።

«--ሪሊስ» ከ«-ሶርስ» እና ከ«-ታርጌት» ጋር አብሮ አይሰጥም፤ ጃቫሲ ስህተት ነው ብሎ ያቆማል። የጄዲኬን ውስጣዊ ፓኬጅ በ«--አድ-ኤክስፖርትስ» የሚከፍት ኮድም ከሱ ጋር አይስማማም። እንዲህ ያለ ኮድ ካላችሁ እሱን ለብቻው ሞጁል አውጥታችሁ የቀረውን በ«--ሪሊስ» አዘጋጁ። አንድ አስቸጋሪ ክላስ አለ ተብሎ ፕሮጀክቱን በሙሉ ወደ ድሮው መንገድ መመለስ አያዋጣም።

ደረጃ 4፦ ሜቨን

ሜቨን ላይ ነባሪውን የሚወስነው ጄዲኬው አይደለም፤ የኮምፓይለር ፕለጊኑ ነው፣ እሱም ሲቀያየር ኖሯል። ከ3.8.0 በፊት ነባሪው 1.5 ነበር፤ በ3.8.0 ወደ 1.6፣ በ3.9.0 ወደ 1.7፣ በ3.11.0 ወደ 1.8 ተሻገረ። «ሶርስ ኦፕሽን 5 ከእንግዲህ አይደገፍም» የሚለው የታወቀ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፦ የድሮ ፕለጊን 1.5 ይላል፣ አዲሱ ጄዲኬ 5ን ጥሎታል፣ ፕሮጀክቱ ራሱ ግን ምንም አላለም።

ስለዚህ ፖም ፋይሉ (የሜቨን ፕሮጀክት ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ሁለት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ፕሮፐርቲዎች ሥር «ሜቨን ነጥብ ኮምፓይለር ነጥብ ሪሊስ» የሚለውን ከቁጥራችሁ ጋር። ሁለተኛ፣ የኮምፓይለር ፕለጊኑን ቨርዥን በግልጽ፤ «ሪሊስ» የሚገባው ከ3.6 ጀምሮ ነው። የፕለጊኑን ቨርዥን ካልጻፋችሁ የሚመረጠው ከሜቨኑ ጋር በመጣው ነው፣ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ሜቨኖች ካላቸው ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ሊያገኙ ይችላሉ።

ወላጅ ፖም ያለው ፕሮጀክት ውስጥ ቁጥሩ ከላይ ሊወረስ ይችላል። ለምሳሌ የስፕሪንግ ቡት ወላጅ ፖም የሚያየው «ጃቫ ነጥብ ቨርዥን» የሚለውን ፕሮፐርቲ ነው። የመጨረሻው ውጤት ምን እንደሆነ ለማወቅ «ሄልፕ፦ኢፌክቲቭ-ፖም» የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ። ልጅ ሞጁሎች ውስጥ የተረሳ የድሮ «ታርጌት» ካገኛችሁ አጥፉት።

ደረጃ 5፦ ግሬድል

ግሬድል ላይ ሁለት ሐሳቦች ስለሚደባለቁ እንለያያቸው። ቱልቼይን «በየትኛው ጄዲኬ ልሥራ?» ለሚለው መልስ ነው። «ኦፕሽንስ ነጥብ ሪሊስ» ደግሞ «ለየትኛው ጃቫ ልሥራ?» ለሚለው። በጄዲኬ 21 እየሠራችሁ ለ11 ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ ቱልቼይኑን 21፣ ሪሊሱን 11 አድርጉ። ቱልቼይን ብቻ ከጻፋችሁ የሚታተመው ቁጥር የቱልቼይኑ ይሆናል፤ ለአፕሊኬሽን ይበቃል፣ ለላይብረሪ ላይበቃ ይችላል። ምንም ካልጻፋችሁ ደግሞ ግሬድል ራሱ የሚሮጥበት ጃቫ ነባሪ ይሆናል፤ እንደ ማሽኑ ይለያያል ማለት ነው።

«ሶርስ ኮምፓቲቢሊቲ» እና «ታርጌት ኮምፓቲቢሊቲ» የሚሉት የ«-ሶርስ» እና የ«-ታርጌት» ወንድሞች ናቸው፣ ጉድለታቸውም ያው ነው። ከግሬድል 6.6 ጀምሮ «ሪሊስ» ስላለ ለጃቫ ኮድ እሱን ተጠቀሙ፤ በሁሉም የጃቫ ኮምፓይል ታስኮች ላይ እንዲሠራ በአንድ ቦታ አስፍሩት።

በግሬድል የሚታተም ላይብረሪ ቁጥሩን በሜታዳታው ውስጥም ይዞ ይወጣል። 17 ብላችሁ ያወጣችሁትን በ11 የሚሠራ ፕሮጀክት ቢጠራው፣ ግሬድል ገና ዲፔንደንሲ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበትን ላይብረሪ) ሲፈልግ «የሚስማማ ቫሪያንት አላገኘሁም» ብሎ ያቆማል። መልእክቱ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ መሀሉ ላይ ያሉትን ሁለት የጃቫ ቁጥሮች ብቻ ፈልጋችሁ አነጻጽሩ።

ደረጃ 6፦ ኮትሊንና ሌሎቹ

ኮትሊን በጄቪኤም ላይ የሚሮጥ ሌላ ቋንቋ ነው፤ የራሱ ኮምፓይለር ስላለው ጃቫ ላይ ያሰፈራችሁት ቁጥር በቀጥታ አይደርሰውም። የሱ ማስተካከያ «ጄቪኤም ታርጌት» ይባላል። ነባሪው እስከ ኮትሊን 1.4 ድረስ 1.6 ነበር፤ በ1.5 ወደ 1.8 ተሻገረ። አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቁ፦ ለጃቫ 8 «1.8» ነው የሚባለው፣ ከ9 ጀምሮ ግን ቁጥሩ ብቻውን ነው።

ጃቫና ኮትሊን በአንድ ሞጁል ከተቀላቀሉና ቁጥሮቻቸው ከተለያዩ «የጄቪኤም ታርጌት አለመጣጣም» የሚል መልእክት ይመጣል። ከግሬድል 8 በፊት ማስጠንቀቂያ ነበር፣ አሁን ቢልዱን የሚያቆም ስህተት ነው። ይህን ፍተሻ የሚያጠፋ ፕሮፐርቲ አለ፤ መልእክቱን ለማስወገድ ቀላሉ መንገድም ይመስላል፤ ነገር ግን ፍተሻው ትክክል ነው፣ ቁጥሮቹን እኩል አድርጉ።

ሌላው የኮትሊን ጠባይ ከኢንላይን ፈንክሽን ጋር የተያያዘ ነው። የኢንላይን ፈንክሽን ባይትኮድ የሚጠራው ኮድ ውስጥ ተገልብጦ ስለሚገባ፣ ለ11 የተዘጋጀ ላይብረሪ ኢንላይን ፈንክሽን ለ1.8 በሚዘጋጅ ኮድ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ኮምፓይለሩም ይህንኑ ይናገራል። ማሽናችሁ ላይ ያለው ጃቫ 21 ቢሆንም መልእክቱ አይቀርም፤ ጉዳዩ ከሚሮጠው ጄቪኤም ጋር ስላልሆነ። መፍትሔው የራሳችሁን ታርጌት ከፍ ማድረግ ነው። «ጄቪኤም ታርጌት»ም እንደ «-ታርጌት» የመደበኛውን ላይብረሪ ይዘት አይገድብም፤ ያንን የሚያደርገው በኮትሊን 1.7 የመጣው «-ኤክስ-ጄዲኬ-ሪሊስ» ነው።

ከሌሎቹ የጄቪኤም ቋንቋዎች መካከል ስካላ 2.12 ጃቫ 8ን ግድ አድርጎ ነው የወጣው። ክሎጀር ከ1.10 ጀምሮ የጃቫ 8 ባይትኮድ ያወጣል፤ ከዚያ በፊት የጃቫ 5 ነበር። እዚህ ምርጫው በአብዛኛው የቋንቋውን ቨርዥን ስትመርጡ አብሮ ያለቀ ነው።

ደረጃ 7፦ ጠባቂ አቁሙ

ማስተካከያውን መጻፍ ግማሹ ነው። ከኮድ መጻፊያዎቹ ኢንቴሊጄ የራሱ «ታርጌት ባይትኮድ ቨርዥን» አለው፣ ኤክሊፕስም የራሱ «ኮምፕላያንስ ሌቭል»፤ ከሜቨን ወይም ከግሬድል ጋር ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ። የሚታመነው ከቢልድ መሣሪያው የወጣው ፋይል ነው። ቁጥሩን ከቀየራችሁ በኋላ የድሮ ክላሶች እንዳይቀሩ መጀመሪያ «ክሊን» አድርጉ።

ከዚያ በየቢልዱ መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ፍተሻ ጨምሩ፦ ከወጣው ጃር ሁለት ሦስት ክላሶችን በ«ጃቫፒ» አይቶ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቢልዱን የሚጥል። ሜቨን ላይ የኢንፎርሰር ፕለጊን ተጨማሪ ደንቦች ውስጥ «ኢንፎርስ ባይትኮድ ቨርዥን» የሚባል አለ፤ እሱ ዲፔንደንሲዎችን ነው የሚፈትሸው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ የእናንተ ኮድ 55 ሆኖ ከውጭ የመጣ አንድ ላይብረሪ 61 ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የሚወድቀው ያው የእናንተ አፕሊኬሽን ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቴስቶቹን በዝቅተኛው ጄቪኤም ላይ ማስኬድ ነው፤ ኮምፓይል በ21፣ ቴስት በ11።

ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ሌላ መልእክት ሊገጥማችሁ ይችላል፦ «የማይደገፍ የክላስ ፋይል ዋና ቨርዥን 65»። ይህ ከመጀመሪያው ስህተት ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። የሚናገረው ጄቪኤሙ አይደለም፤ ባይትኮድ የሚያነብ መሣሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኤኤስኤም የሚባለው ላይብረሪ፣ በቴስት ሽፋን መለኪያ ወይም በሌላ ፕለጊን ሆድ ውስጥ ተቀምጦ። ጄቪኤሙን መቀየር አይረዳም፤ ያንን መሣሪያ አሳድጉ።

ንዑስ ቨርዥኑ 65535 ሆኖ ካገኛችሁት ክላሱ በ«--ኢኔብል-ፕሪቪው» የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የሚሮጠው በዚያው በአንዱ የጃቫ ቨርዥን ላይ ብቻ ነው፤ ከሱ በኋላ የመጣውም አይቀበለውም። ለሰው የሚሰጥ ጃር ውስጥ መግባት የለበትም።

ራሳችሁ ኮምፓይለር የምትጽፉ ከሆነ

ነባሪውን ኮምፓይለሩ ከሚሮጥበት ጄዲኬ አትውሰዱ። ተጠቃሚው ጄዲኬውን ሲያሳድግ ውጤቱ ሳያውቀው ይቀየርበታል። ቋሚ ቁጥር አድርጉት፤ የቋንቋችሁ መደበኛ ላይብረሪ የተዘጋጀበት ዝቅተኛ ቁጥር ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በታች ብትወርዱ ኮዱ ያለ ላይብረሪው ስለማይሮጥ ትርጉም የለውም።

ከ51 ጀምሮ ጄቪኤም ቅርንጫፍ ያለባቸው ሜተዶች የስታክ ፍሬም ሠንጠረዥ እንዲይዙ ያስገድዳል። 50 ላይ ሠንጠረዡ ባይስማማ ወደ ድሮው ማረጋገጫ ይመለስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምሕረት የለም። በኤኤስኤም የምትጽፉ ከሆነ «ኮምፒዩት ፍሬምስ» የሚለው ምርጫ ያሰላላችኋል፤ በጄዲኬ 24 የተጠናቀቀው የጃቫ የራሱ የክላስፋይል ኤፒአይም ይህን ይሠራል።

ነባሪውን መቀየር ሲኖርባችሁ ደግሞ የኮትሊንን አካሄድ ተመልከቱ፦ በ1.5 ነባሪው ወደ 1.8 ሲያልፍ 1.6 በማስጠንቀቂያ እንደ ምርጫ ቆየ፣ የተወገደው በ1.7 ነው። ቁጥሩን ኮምፓይለሩ ውስጥ በየቦታው አትበትኑት፤ አንድ ቋሚ፣ አንድ ማስተካከያ፣ የማይታወቅ ቁጥር ሲሰጠው የሚደገፉትን የሚዘረዝር አንድ የስህተት መልእክት ይበቃል። ቴስቱ ላይ አንዱን ምንጭ ለእያንዳንዱ የሚደገፍ ቁጥር አዘጋጅታችሁ በየራሱ ጄቪኤም ላይ አሩጡት፤ በሎግ ውስጥም የትኛው ቁጥር ከተጠቃሚው እንደመጣ፣ የትኛው ከነባሪው እንደተወሰደ ለይታችሁ አሳዩ።